ካፒቴኑ ያልደገመው ትእዛዝ

ካፒቴኑ ወንድሜ የጠፈር መንኮራኩራችንን በገዛ አፉ አሳልፎ ሲሰጣት እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ብርቱካን እየላጥኩ ነበር። ይህን ታሪክ የሰማ ሁሉ «እንዴት አንድ እንኳ የሚነቃ ሰው ጠፋ?» እያለ ያደርቀኛል። መልሴ ያው ነው። በእኛ ሥራ ከወደብ ማማ የታዘዘ ነገር ሁሉ አንድም ሳይጎድል ተደግሞ ይመለሳል። ማማው «ሦስተኛው በር» ካለ «ሦስተኛው በር» ትላለህ። አንዲት ቁጥር ብትስት የሰው ነፍስ ታጠፋለህና ቆሞ ማሰብ የለም፤ ጆሮ ይሰማል፣ አፍ ይደግማል፣ እጅ ይሠራል። እኔ የሞተር ሠራተኛ ብሆንም በተራዬ ሬዲዮ ስለምይዝ ልማዱ አጥንቴ ድረስ ገብቷል። ባል በነበረኝ ጊዜ እንኳ «በሩን ዝጊው» ሲለኝ «በሩን ዘግቻለሁ» እያልኩ ነበር የምዘጋው። ይስቅብኝ ነበር። እኔም አብሬው እስቅ ነበር።

ጉዳችንን ያፈላው ያው ባሌ ነው። ስሙን መጥራት ስለማልወድ አጅሬው ልበለው፤ የሚያውቁት ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሉት። አራት ዓመት አብረን ስንኖር አንድም ቀን እጁን አላነሳብኝም። ምላሱ ግን ጤፍ ይቆላል። የሥራ መሣሪያዎቼን ሸጠብኝ፤ ሽጠው ያልኩት ግን እኔ ራሴ እንደሆንኩ አሳምኖኝ ነበር። ሰፊውን ቤታችንን ለቀን አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ስንገባም ሐሳቡ የማን ነው ብትሉኝ የእኔ ነው ብዬ እምል ነበር። አንድ ጠዋት ጫማዬን እያሰርኩ ሳለሁ ጭንቅላቴ ውስጥ የራሴ የሆነ አንድም ሐሳብ እንደሌለ ገባኝና ሻንጣዬን አንጠልጥዬ የወንድሜ መንኮራኩር ላይ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ የምፈራው ነገር ቢኖር እሱን ነው። ሞተር ሲቃጠል እንኳ እንደዚያ አልደነግጥም።

የዚያን ቀን ከማማው የሚመጣው ድምፅ ጉንፋን እንደያዘው ሰው የታፈነ ነበር።

«ፍጥነት ቀንስ» አለ።

«ፍጥነት ቀንሻለሁ» አለ ወንድሜ።

«በግራ በኩል ወደ ሦስተኛው በር ተጠጋ።»

«በግራ በኩል ወደ ሦስተኛው በር ተጠግቻለሁ።»

«መንኮራኩሯንና ሠራተኞቿን ለተናጋሪው አስረክብ።»

«መንኮራኩሯንና ሠራተኞቿን ለተናጋሪው አስረክቤያለሁ።»

በዚያው ቅላፄ፣ ዓይኑን ከመለኪያው ሳይነቅል ነው የደገመው። ከዚያ ማርሹን ሊነካ የዘረጋው እጁ መንገድ ላይ ቀረ።

«እትዬ» አለኝ ቀስ ብሎ። «አሁን ምንድን ነው ያልኩት?»

ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ።

ያ ወደብ ከሁሉም ነገር የራቀ ነው። መንኮራኩሮቹ ገና መንገድ ላይ እያሉ በሬዲዮ ስለሚገበያዩ፣ በክፍት መስመር የተነገረ ቃል ሁሉ እዚያ ውል ነው። ወደቡ በሙሉ ይሰማዋል፣ ወደቡ በሙሉ ምስክር ነው። ያለዚህ ሕግ አንድ ጭነት እንኳ አይራገፍም። የማማው ሠራተኛ ታሞ ስለነበር አጅሬው እንደምንም ብሎ ለአንድ ፈረቃ ተተክቶ እንደገባ በኋላ ነው የሰማነው። በሩ ሲከፈት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ቆሞ ጠበቀን።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አለን። ለወንድሜ «አማቼ» ብሎ እጁን ዘረጋለት፤ ወንድሜ አልጨበጠውም። ወደ እኔ ዞረና «ከስተሻል። እነዚህ ሰዎች አያበሉሽም እንዴ?» አለኝ።

ፈገግ ልል ምንም አልቀረኝም። በእውነት የፈራሁት ያን ጊዜ ነው።

የወደቡ ዳኛ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ አረጋዊት ናቸው። ቢሯቸው ከዕቃ መጋዘኑ ጥግ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ የውሃ ማንቆርቆሪያ፣ ሲዞር የሚንቋቋ ማራገቢያ አለው። ነገሩን ሰሙና ወንድሜን አዩት።

«የገዛ ቃልህን ልትክድ ከፈለግህ ራስህን ታስይዛለህ» አሉት። «ራስህን ስታስይዝ መንኮራኩሯም ሠራተኞቹም አሁኑኑ ይለቀቃሉ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ በአንተ ላይ ብቻ ነው። ከተረታህ ዕድሜ ልክህን የእሱ ሎሌ ነህ። ከረታህ ደግሞ እሱ የአንተ ነው፤ እሱም ራሱን ያስይዛልና።»

«አስይዣለሁ» አለ ወንድሜ፣ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ።

«እኔም» አለ አጅሬው። ሲስቅ ሳየው ነገሩ ገባኝ። መንኮራኩር ብረት ናት፣ ትገኛለች። በዚያ አደገኛ መንገድ መንዳት የሚችል ካፒቴን ግን በእጅ ጣት የሚቆጠር ነው፤ ከመጀመሪያውም ዓይኑን የጣለው ወንድሜ ላይ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ክንዱን ይዤ ግድግዳ አስደገፍኩት።

«አብደሃል እንዴ?»

«ቃሉ የወጣው ከእኔ አፍ ነው፣ እትዬ።»

«ከዚህ ሰውዬ ጋር ተከራክሮ የረታ አላየሁም። እኔ አራት ዓመት ሞክሬዋለሁ እኮ።»

«አንቺ ትወጂው ነበራ» አለኝ። «እኔ አልወደውም።»

ወንድሜ የእናታችን የመጨረሻ ልጅ ነው። መራመድ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሁለት ቆርቆሮ በሽቦ አስሬ፣ አንዱን ጆሮው ላይ ለጥፌ፣ «ያልኩህን ድገም» እያልኩ ይህን ሥራ ያስለመድኩትም እኔ ነኝ። አሁን አንገቱ ላይ ያለችው ደም ሥር ስትመታ አያለሁ። የተለቀቁት ሠራተኞች አንዳቸውም ንቅንቅ አላሉም፤ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ምግብ አብሳያችን ሴትዮ የያዘችውን ዳቦ ለሁሉም አዳረሰች፤ ማንም አልበላም።

በማግስቱ ጠዋት መጋዘኑ ጸድቶ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደረደሩ። ክርክሩ ራሱ በክፍት መስመር ነበር የሚተላለፈው።

«የደገምኩት ቃል ፈቃዴ አይደለም» አለ ወንድሜ። «የሥራዬ ልማድ ነው። የታዘዝኩትን ሁሉ እደግማለሁ።»

«ሁሉን?» አለ አጅሬው።

«ሁሉን።»

«እንግዲያው ክብርት ዳኛ፣ እንሞክረዋ። ማዳመጫውን ያድርግና ይቀመጥ፤ እኔ ማማው ላይ እንዳለሁ ሆኜ ልዘዘው። ሁሉን ከደገመ እኔ ተረታሁ። አንዲት እንኳ መርጦ ከተወ ግን መምረጥ ይችላል ማለት ነው። እንደዚያ ከሆነ ትናንትም የተናገረው መርጦ ነው።»

«ልብ በል» አሉት ዳኛዋ ወንድሜን። «መስመሩ ክፍት ነው። ከተረታህ እዚህ የምትደግመው ሁሉ ይጸናብሃል።»

«ገብቶኛል።»

እኔ ሞኟ ትንፋሼ መለስ አለልኝ። እንግዲህ ምን ሊለው ይችላል? ራሱን እንደሆነ አስይዟል። የፈለገውን ይበለው፣ ወንድሜ ይደግመዋል፣ እንሄዳለን አልኩ በልቤ። ሬዲዮ ላይ ሁለት ሰው መቀመጥ ስላለበት እኔም ማዳመጫ አድርጌ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አጅሬው ከኋላችን ነበር፤ አይታየንም፣ ድምፁ ብቻ ጆሯችን ውስጥ ነው።

«የአየር ግፊቱን አስተካክል።»

«የአየር ግፊቱን አስተካክያለሁ።»

«የታችኛውን መብራት አጥፋ።»

«የታችኛውን መብራት አጥፍቻለሁ።»

ብዙ አዘዘው፤ ወንድሜም ይደግማል። እየቆየ ትከሻው ሲላላ አየሁት። አጅሬው ይህንኑ ነበር የሚጠብቀው።

«እህትህን ወደ ባሏ መልስ።»

ወንድሜ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ዞሮ አየኝ። የካፒቴን ቃል ሠራተኞቹን ያስራል፣ እኔ ደግሞ ሠራተኛው ነኝ። ቢደግመውና ኋላ በሌላ ትእዛዝ ቢረታ ወደዚያች ጠባብ ክፍል እመለሳለሁ። ባይደግመው ያለ ምንም ጥርጥር ተረታ። ራሱን የሚያድነው እኔን አስይዞ ብቻ ነበር። «ድገመው፣ ግዴለም» ልለው ፈለግሁ። ደግሞም እንዳይደግመው ፈለግሁ። ሁለቱም እውነት ነው፤ ዛሬም ቢሆን የትኛው ይበልጥ እንደነበር አላውቅም።

ወንድሜ አፉን ገጠመ።

ዝም አለ። መስመሩ ላይ የማራገቢያው መንቋቋት ብቻ ይሰማ ነበር። ሬዲዮ ይዞ ለማያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት ይከብደኛል። ትእዛዝ ተነግሮ መልስ ከጠፋ አንድ ሰው ሞቷል ማለት ነው። አጅሬው እዚያ ላይ ቢበቃው ኖሮ አሸንፎ ነበር። ግን የልብ ልብ ተሰምቶት ልክ እንደ ማማ ሠራተኛ ቆጣ ብሎ ጨመረ።

«መልስ አልሰማሁም። እህትህን ወደ ባሏ መልስ።»

«እህቴን ወደ ባሏ መልሻለሁ» አለ አንድ ድምፅ።

የእኔ ድምፅ ነበር።

ወንድሜ እንደ እብድ አየኝ። እኔም የማዳመጫውን ማይክ አየሁት፣ ሌላ ሰው የተናገረበት ይመስል። ወደቡ በሙሉ ሰምቶኛል።

አጅሬው ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። «ክብርት ዳኛ፣ ካፒቴኑ ዝም አለ። መምረጥ እንደሚችል በዓይናችን አየን። እሷ ደግሞ ማንም ሳያስገድዳት እመለሳለሁ አለች። ሁለቱም የእኔ ናቸው።»

ዳኛዋ መነጽራቸውን አድርገው እኔን አዩኝ።

«ስንት እህት አለሽ?»

«እህት የለኝም» አልኩ።

«ወደዚህ ሰው መመለስ ትፈልጊያለሽ?»

«እሞታለሁ እንጂ አልመለስም።»

«ታዲያ ለምን ተናገርሽው?»

ላስብ ሞከርኩ። ምክንያት ፈለግሁ፣ ግን ምንም አልነበረም። «ትእዛዝ ተነገረ» አልኩ። «የሚመልስ ጠፋ። አፌ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ መወልወል ጀመሩ። ወለወሉት፣ ወለወሉት። የወንድሜን እጅ ከጠረጴዛው ሥር ያዝኩት። ሎሌ ሆኖ የአጅሬውን ጫማ ሲያቀብል ታየኝ፣ ከዚያ ደግሞ ሐሳቡ የራሱ እንደነበር ሲምል ታየኝ። ሁለተኛው ባሰብኝ።

«ካፒቴኑ ዝም ያለው አስቦ ነው» አሉ ዳኛዋ በመጨረሻ። «እህቱ ግን አላሰበችም፤ ስላላሰበች ደገመች። የሌላትን እህት እንኳ ሰጠች። እነዚህ ሰዎች ሲያስቡ ዝም ይላሉ፣ ሳያስቡ ይደግማሉ። እንግዲህ የደገሙት ቃል ፈቃዳቸው አይደለም። የትናንቱም ውል አይደለም፣ የዛሬውም አይደለም።» ወደ አጅሬው ዞሩ። «ተረትተሃል።»

ወንድሜ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ቆየ፤ ከኋላ የምግብ አብሳያችን ልቅሶ ይሰማኛል። አጅሬው ቆሞ ነበር። ቃል ሲያጣ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«የአንተ ነው፤ ውሰደው» አሉት ዳኛዋ ወንድሜን። ወንድሜ ግን ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ ወስኚ፣ እትዬ።»

አጅሬው ሸሚዙን አስተካከለና ፈገግ አለልኝ። «በሩን እኔ እዘጋልሻለሁ» አለ፣ «አንቺ ዘግቻለሁ እያልሽ ትመልሺያለሽ።»

ሳቅሁ። አንጀቴ እየተቃጠለ፣ እንባዬ ገና ሳይደርቅ፣ ከትከት ብዬ ሳቅሁ። ውሳኔዬን የሰጠችኝ ያቺ ሳቅ ናት።

«እዚሁ ይቅር» አልኩ።

«እቃ እንኳ አያጥብልንም?» አለች ምግብ አብሳያችን።

«በሦስተኛው ቀን ይቅር እለዋለሁ» አልኳት። «በወሩ መንኮራኩሯን ሸጦብን ሐሳቡ የእኔ ነበር እላችኋለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ለመነሳት ተዘጋጀን። ማማው ላይ የተመለሰው እውነተኛው ሠራተኛ ነበር፤ ገና ያስላል።

«ማያያዣውን ፍታ» አለ።

ወንድሜ አልመለሰም። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ ቃሉን አፉ ውስጥ ያገላብጠዋል፣ ሥሩ የተደበቀ ነገር እንዳለ ይፈትሻል። ማማው «ሰምታችኋል?» አለ። ልመልስለት የመጣውን ምላሴን ነከስኩት።

«ማያያዣውን ፈትቻለሁ» አለ ወንድሜ በመጨረሻ።

ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ እንደዚሁ ነው። እያንዳንዱን ትእዛዝ መዝኖ ነው የሚደግመው። የየወደቡ ማማ ይቆጣናል፤ ባለፈው እንዲያውም በዚያች ዝምታ ውስጥ ከአንድ ጫኝ መንኮራኩር ጋር ከመጋጨት ለጥቂት ነው የተረፍነው። አንድ ቀን መልሱ ሳይደርስ እንጋጫለን እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። «ተው፣ እንደ ድሮህ ድገም» ልለው ስንት ጊዜ አጠገቡ ሄጄ ቆሜ ተመልሻለሁ። ዝም ማለትን የተማረው ለእኔ ብሎ ነው፤ በየትኛው አፌ ነው ተው የምለው?