የመጋዝ ቤት ወሬ

አባቴ አንደበቱ የተያዘ ሰሞን የማነበው ስለ ቋንቋ አመጣጥ ነበር። ከቤተ መጻሕፍት የተዋስኩት መጽሐፍ ፈላስፎችን ያከራክራል። አንዱ ሰው መናገር የጀመረው ወፍና ነፋስ ሲያስመስል ነው ይላል፤ ሌላው ሲያመው ካወጣው ድምፅ ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ ከአፉ በፊት በእጁ ነው ያወራው ባይ ነው። በእሱ ስቄ አለፍኩ። እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው፦ ቃል ከሌለ ሐሳብም የለም የሚለው።

አባባ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ግድግዳ ያያል። ሐኪሟ የሰጠችንን ሥዕሎች አሳየዋለሁ።

"ማንኪያ ነው፣ አይደል አባባ?"

ዓይኑን ከግድግዳው አይነቅልም።

እማዬ ታጥበዋለች፣ ታጎርሰዋለች፣ ደግፋ ታስነሳዋለች፤ ወገቧ አለቀ። የኔ ጭንቀት አንድ ነበር፤ ውስጡ ሰው አለ ወይ?

ቅዳሜ ከሰዓት ጋሽ ሹክሹክታ መጣ። እንጨት መሰንጠቂያው ውስጥ እሱና አባባ ግንድ በዚያና በዚህ ይዘው ነው ያረጁት። ስሙ የወጣለት ሲያወራ ሰፈር ስለሚሰማው ነው።

"እንደምን ዋላችሁ!" ሲል ብርጭቆው ተንቀጫቀጨ።

"ቀስ በል እንጂ፣ በሽተኛ አለ!" አለች እማዬ።

ወደ አባባ ሲዞር ግን ድምፁ ጠፋ። መጋዝ ሲጮህ አፍ ዋጋ ስለሌለው ሁለቱ ሥራ ላይ የሚያወሩት በእጅ ነበር። ልማድ ሆኖበት ጸጥ ባለው ክፍላችንም እጁን ማወናጨፍ ጀመረ። ቦርጭ ሠራ፤ ቦርጩን ይዞ ተንገዳገደ፤ ከዚያ ዘጭ።

የአባባ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ሳቀ!

"ምን አልከው?" አልኩት ጋሽ ሹክሹክታን።

"አለቃችን የሰጋቱራው ክምር ውስጥ እንደ ሰመጠ ነዋ!"

አባባ ደህናውን እጁን አነሳ። ጓደኛውን አልፎ እማዬን አያት፤ መዳፉን ደረቱ ላይ ለጠፈ፣ ከዚያ ቀስ አድርጎ ወደ እሷ ዘረጋው።

ጋሽ ሹክሹክታ እንደ ስሙ ሆነ። "ግንድ ሲከብድ የምንባባለው ነው። 'እኔ ይዣለሁ፣ አንተ ልቀቅና እረፍ' ማለት ነው።"

እማዬ ፎጣውን ጥላ አጠገቡ ተቀመጠች። "እስቲ ያዝልኝ" አለችው እንባዋን እየጠረገች። "ተመስገን።"

እንግዳችንን ስሸኝ "ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ነገም ና፣ እኔንም አስተምረኝ" አልኩት።

"የመጽሐፍ እጅ ይዘህ? ይሰበርብሃል!" ብሎ ሳቀብኝ። ግን ጠዋት ጠዋት የሚባባሉባትን "አለህ?" የምትል ምልክት በሩ ላይ አሳየኝ።

ተመልሼ አባባ ፊት ቆሜ ሞከርኩት።

አጣምሜው ነው መሰለኝ፣ ጣቴን ይዞ አቃናልኝ።