ቢጫ ጥርስ ፍለጋ

የሕፃናት አስተማሪዋ ትርሲት አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም። የውሃ ቀለምና ብሩሽ ዋጋው አይቀመስም ሲሏት ራሷ ልትሠራው ተነሳች። ቀይ ስር ቀቅላ ቀይ፣ እርድ በጥብጣ ቢጫ፣ ከሰል ወቅጣ ጥቁር አወጣች፤ ማወፈሪያው ዱቄት ነው። ለብሩሽ መፋቂያ ቆርጣ ጫፉን በድንጋይ ቀጥቅጣ አላላችው። ለቀለም መያዣ ደግሞ ሕፃናቱ ከየቤታቸው ክዳን ያለው ባዶ ፕላስቲክ ጠርሙስ እንዲያመጡ ነገረቻቸው። ክዳኑን በምስማር ስትበሳው፣ ጠርሙሱን ሲጨምቁት ቀለሙ ይወጣል። እኔ የማስተምረው ከጎኗ ባለው ክፍል ነው፤ እውነቱን ለመናገር ቀንቼባት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት፣ ልጆቹ ሥዕል እንደጀመሩ፣ አንድ ጠርሙስ ይዛ እየሮጠች ክፍሌ ገባች።

"ደጀን፣ እስቲ ይሄን አሽትተው!"

አሸተትኩት። እርድ እርድ ይላል፤ ከሥሩ ግን ሌላ ሽታ አለ። አፍንጫዬ ወዲያው አወቀው። የመስኖ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ ከሮቢት እስከ ጎብዬ ሽንኩርት ላይ የሚረጨው የተባይ መርዝ ነው። ወረቀቱ ተልጦ ነው እንጂ ጠርሙሱም የመርዙ ነበር።

"ማን አመጣው?"

"ቶይባ። ቢጫውን ሁሉም ሲቀባበሉት ነበር።"

 ለቆቦ ልጅ መፋቂያ ከሰጠኸው ምን ያደርግበታል? ጥርሱን ይፍቅበታል እንጂ! ሁለት አስተማሪዎች ተቀምጠን ይህ አልታየንም።

እየሮጥን ሄድን። ትርሲት ገና ከበሩ "ማነው አፉ ውስጥ የከተተ?" ብላ ጮኸችባቸው። በቃ፣ ሁሉም አፋቸውን ግጥም አደረጉ። መፋቂያዎቹን እየነጠቅሁ "አፋችሁን ክፈቱ" ብል ይባስ ከንፈራቸውን ነከሱ። አንዷ ማልቀስ ጀመረች። የእያንዳንዱን አፍ በግድ እንዳንፈለቅቅ ጊዜ የለንም።

ማሳቅ ነበረብኝ። በከሰሉ ቀለም ጢም ሣልኩ፣ በአራት እግሬ ወለሉ ላይ ወረድኩና አልጫንም እንዳለ የገበያ ግመል ጮህኩ። ማንም አልሳቀም። ትርሲት ገባት፤ እንባዋ እየወረደ ጀርባዬ ላይ ጆንያ ጫነችብኝ። አሽቀንጥሬ ጣልኩት። አንዱ ሳቁን አፈነው አፈነውና ፈነዳ፤ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ተናጋ።

እኔ ጥርስ እያየሁ ነው። ነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር። ከኋላ ሙህሲን ሆዱን ይዞ ይስቃል። ጥርሱ ቢጫ ነበር።

አንስቼው ሮጥኩ። አፉን አጥበን በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረስነው። ነርሷ ሸዋዬ የዓይኑን ብሌን በባትሪ አየች፣ ትንፋሹን አዳመጠች። "እዚሁ ይቆይ። ምራቁ ከበዛ ወይ ካላበው ቶሎ ጥሩኝ" አለችን። ግንባሩን ስዳብስ ዋልኩ። እሱ እቴ፣ "ቲቸር፣ ግመሉን ድገመው" ይለኛል! እኔ ደግሞ ላቡ መጣ አልመጣ እያልኩ እንኳን ግመል መሆን ስሜም ጠፍቶኛል።

ከሰዓት በኋላ ሸዋዬ እንደገና መረመረችው። "ደህና ነው፤ ቢቀምስም እጅግ ጥቂት ነው" አለች። ትርሲት ወለሉ ላይ ዘርፈጥ ብላ ተቀመጠች።

ይህን ጊዜ የቶይባ እናት ኡሙልኸይር እየተቆጣች ገባች።

"ልጄን መርዝ አመጣች አላችሁ አሉ! ጠርሙሱን ወላሂ በገዛ እጄ ነው በአመድና በሳሙና ፈትጌ ያጠብኩት!"

"ቶይባን ማንም አልወቀሰም፣ እትዬ" አልኳት።

"ግን ጠርሙሱ ቢታጠብም መርዙ አይለቅም" አለች ሸዋዬ።

"እንዴት አይለቅም? እኛ ቤት ዘይት የምንቀዳው እንዲያው ባለ ጠርሙስ አይደል? የትንሹን ልጄን የኸይረዲንን ገንፎ በየቀኑ የማርሰው ከሱ አይደል? ታዲያ ምን ሆን..."

አልጨረሰችውም። ፊቷ አመድ መሰለ።

"ያረቢ" አለች በቀስታ። "ሲያስመልሰው ሰነበተ። ጥርስ ሊያበቅል ነው ብዬ እኮ ነው።"

"ሕፃኑ አሁን ማን ጋ ነው?" አለች ሸዋዬ።

"እህቴ ጋ። ይሄኔ እያበላችው ይሆናል።"

ስልኩን አውጥታ የእህቷን ስም አሳየችኝ። ቁጥሩን እኔ ነካሁላት። ጠራ፣ ጠራ፣ ተነሳ።

"ማንኪያውን አስቀምጪው!" ብላ ጮኸች። "በአላህ ይዤሻለሁ፣ ከአፉ አርቂው!"

ሸዋዬ ቦርሳዋን አንስታ ወደ ባጃጁ ሮጠች። ከስልኩ ውስጥ ኸይረዲን ገንፎውን ተነጥቆ ሲያለቅስ ተሰማን። እንዲያ ደስ ያሰኘኝ ልቅሶ ሰምቼ አላውቅም።