የሻለቃ እርምጃ

«መቶ ዘጠና አራት» አለና ቆመ። በግራ እጁ ግድግዳ ፈለገ፤ ግድግዳው ግን እዚያ አልነበረም። እጁ አየር ላይ ጥቂት ዋለለና የቆመ ሞተር ብስክሌት መስታወት ነካ፤ ደንግጦ ሰበሰበው። በዚያው ቅጽበት ስልኩ ላይ ያቀረቀረ ጎረምሳ ትከሻውን ገጭቶት፣ «አይታይህም እንዴ?» ብሎ አለፈ።

«ይቅርታ ወንድሜ» አለ ሽማግሌው፣ ጎረምሳው ወዳልሄደበት አቅጣጫ ዞሮ።

ሴት ልጁ ስድስት እርምጃ ያህል ርቃ ቆማ ታየው ነበር። ላትነካው፣ ላትናገረው ምላለች፤ ያስማላትም እሱው ነው። እግሩ የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ አልፎ አስፋልቱን ሲፈልግ ስታይ ግን መሐላዋን ትታ ሮጠችና ክርኑን ያዘችው። አንድ መኪና ጡሩምባውን እያንባረቀ አጠገባቸው አለፈ። አባቷ ክርኑን አላስለቀቀም፤ እስከ ዛሬ እንዲህ ተደግፎባት አያውቅም።

ወደዚህ ከተማ ከተዛወሩ ወዲህ ይህ ሰባተኛ ሙከራቸው ነው። ከፎቁ በር መንገዱ ማዕዘን ላይ እስካለችው ጠባብ ክፍል ሁለት መቶ አስራ ሁለት እርምጃ ነው። ክፍሉን የተከራየችለት ወንበር እንዲጠልፍበት ነው። ሕመም ዓይኑን ከወሰደበት ጀምሮ፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ሥራው የተበጠሰ የወንበር መቀመጫ በገመድ እየጠለፈ ማደስ ነበር። በትውልድ ከተማቸው ጠዋት ብቻውን ይወጣል፤ ሦስት መቶ አርባ እርምጃ ቆጥሮ ሱቁ ይገባል፤ ሲመሽም ቆጥሮ ይመለሳል። ቤት እንደገባ ኮፍያውን እየሰቀለ፣ «ዛሬም ማንንም ሳላስቸግር!» ይላል። ምሳ ሳይበላ ውሎ እንኳ ይህቺን ሳይል አይቀመጥም። ቀጥ ብሎ ስለሚራመድ ሰፈሩ «ሻለቃ» የሚል ስም አወጣለት፤ እሱ ግን በዘመኑ ጦር ሰፈር በር ላይ እንኳ ደርሶ አያውቅም።

ልጁ ፋርማሲስት ናት። ከነገ ወዲያ፣ ሰኞ፣ ለዓመታት ስትመኘው በኖረችው ትልቅ ሆስፒታል ሥራ ትጀምራለች። አባቷ ብቻውን መውጣትና መግባት ካልቻለ ከጠዋት እስከ ማታ አራተኛ ፎቅ ላይ ተዘግቶበት ሊውል ነው። እንመለስ እንዳይሉ ደግሞ ቤቱ ተሽጧል።

እሷ እኮ ዓይኗን ጨፍና የመጣች ሰው አይደለችም! ስድስት ወር ሙሉ ስትጠይቅ ነው የከረመችው። ለዚሁ ብላ ደብተር ገዝታ፣ ውኃ በየትኛው ቀን እንደሚመጣ፣ መብራት ከጠፋ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ የደረጃው መደገፊያ እስከ ላይ ድረስ መኖሩን፣ ግድግዳው በክረምት ያልበው እንደሆነ ሳይቀር ጠይቃ ጽፋለች። ስልሳ ሦስት ጥያቄ፤ መልስ ያገኘውን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አድርጋበታለች። ጓደኞቿ፣ «አንቺ ከተማ ልትገቢ ነው ወይስ ከተማውን ልታገቢው?» እያሉ ይስቁባት ነበር። ምን ዋጋ አለው።

ደግፋ ይዛው ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣች። ወንበር ላይ አስቀምጣው ሱሪውን ወደ ላይ ሰበሰበች። ቅልጥሙ ሦስት ቦታ ተልጧል። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ጭረት ያልነካው እግር ነው።

«ቁጥሩ እኮ አልጠፋኝም» አለ። «ቁጥሩን አንድ በአንድ ይዤዋለሁ። የካደኝ እግሬ ነው።» ቅልጥሙን ዳበሰና፣ «ወንድሜም እንዲህ ነበር የጀመረው» ሲል ጨመረ።

ታላቅ ወንድሙ በመጨረሻ ዘመኑ ከገዛ መኝታ ቤቱ መውጫው ይጠፋበት ነበር። በኋላም የገዛ ልጆቹን፣ «እናንተ የማን ናችሁ?» ማለት ጀመረ።

«ተው እንጂ አባዬ፣ አታሟርት» አለችና ወደ በረንዳው ወጣች።

እናቷ ከሞተች ቆይታለች፤ መላ የሚሰጣት አንድ ሰው ግን ትዝ አላት። የድሮ ሰፈራቸው ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱቁ አባቷ በሚመላለስበት መንገድ መሐል ላይ ነበር። ደወለችለት።

«ጋሼ፣ እናቴ አባቴን መንገዱን እንዴት አድርጋ ነበር ያስተማረችው? እዚህ አልሆን ብሎናል።»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። «አስተማረችው? ሻለቃን?» አለ ልብስ ሰፊው እየሳቀ። «አዬ ልጄ! ሻለቃ ያለ ጦር ይዘምታል እንዴ?»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«እናትሽ ጫማዋን አውልቃ ነበር የምትከተለው፣ ኮቴዋን እንዳይሰማ። ዓመት ሙሉ! ታማ የተኛች ጊዜ አስጠራችኝና ‹አደራ፣ እንዳያውቅ› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ተካፈልነው። እኔ መንገድ ሲስት እስላለሁ። ጫማ ሰፊው ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋል። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ‹ደህና አደርክ ሻለቃ› ስትለው ወደ ድምጿ ይመለሳል። መንገዱ የተቆፈረ ጊዜ ደግሞ ‹እኔም በዚያው ነኝ› እያልን፣ በወሬ ይዘን በየተራ አሻገርነው። እሱ ጨዋታ ነው የመሰለው። ይቆጥራል እንጂ የምናደርሰው እኛ ነበርን።»

በረንዳው ብረት ላይ ተደገፈች። «ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ያኔማ ልጅ ነበርሽ፣ አፍሽም አያርፍ። በኋላ ደግሞ…» ሳቁ ጠፋ። «ልትሄዱ ነው ሲባል ጫማ ሰፊውን ‹ንገራት› አልኩት። እሱም ‹አንተ ንገራት› አለኝ። ተፋፈርን። እዚያስ ማን አለው ልጄ?»

ወደ ታች አየች። መንገዱ በሰው ተሞልቷል፤ ሁሉም በየፊናው ይጣደፋል። ስልኩን ዘጋችው።

ልቧ በንዴት ጨሰ። በራሷ፣ በእነዚያ ደጋግ ሰዎች፣ በሞተችው እናቷም ሳይቀር ተናደደች። ማልቀስ ፈለገች፤ እንባው እንቢ አለ። እውነቱን ብትነግረው አእምሮው ጤነኛ መሆኑን ያውቃል፤ ከወንድሙ ዕጣ ፍርሃት ይገላገላል። ግን ኮፍያውን እየሰቀለ የሚላት ያቺ ቃል፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው ያደረገችው ቃል፣ ምን ልትሆን ነው? ካልነገረችው ደግሞ ቀሪ ዕድሜውን የራሱን ጭንቅላት እየጠረጠረ ሊኖር ነው። ሁለቱን አመዛዘነች፤ ሁለቱም ከበዷት።

ስትገባ እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አድርጎ እንደተቀመጠ ነው።

«ከማን ጋር ነበር የምታወሪው?»

«ከልብስ ሰፊው ጋር።»

«ደህና ነው? ጠዋት ጠዋት ክፉኛ ያስለው ነበር። ያ ግትር፣ አንድ ቀን እንኳ ሐኪም ቤት አልሄደም።»

«ደህና ነው፤ ሳሉ ለቆታል» አለች።

«እሰይ፣ ደግ ነው።» ፊቱን ወደ እሷ መለሰ። «አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳታባብይኝ። አንቺ የተማርሽ ነሽ። የወንድሜ ሕመም ነው አይደል?»

የጎረቤት ቧንቧ ሲንጠባጠብ በግድግዳው ውስጥ ይሰማል።

«ሳይሆን አይቀርም አባዬ።»

ትከሻው ወደ ታች ወረደ። ሊወድቅ መስሏት ልትይዘው ተጠጋች። እሱ ግን በረጅሙ ተነፈሰና፣ «ተመስገን» አለ።

«እንዴት ተመስገን?»

«እኔማ ሌላ ነገር ነበር የፈራሁት። ሰሞኑን ሳስበው ሳስበው፣ ድሮም አልችል ኖሯል እንዴ የሚል ነገር መጣብኝ። ሰው እየመራኝ ኖሮ፣ እኔ ሳላውቀው። እንደሱ ቢሆን እኮ አንድም ቀን ብቻዬን ሄጄ አላውቅም ማለት ነው።» ራሱን ነቀነቀ። «እግዜር ይስጥሽ፣ ገላገልሽኝ። ሕመም ከሆነ ሕመም ነው፤ ምን ይደረጋል።»

ሱሪውን በራሱ እጅ ወደ ታች መለሰ፣ አቃናው።

«ሰኞ ስትሄጂ በሩን ከውጭ ቆልፊው» አለ። «ወንድሜ በር ተከፍቶለት ነው የጠፋው። ቁልፉንም ይዘሽው ሂጂ፤ እለምንሻለሁ ብልም እንዳትሰጪኝ።»

«እሺ» አለች።