ሰፊው የአየር በር

ሰርካዲስ አራት ጣቶቿን አገጣጥማ በብረቱ አፍ ውስጥ ከተተቻቸው። ያለ ችግር ገቡ። ከራሷ መኪና ላይ ፈታ ባመጣችው ስሮትል ውስጥ ግን ሦስቱ ብቻ ነበር የሚገቡት።

«ይኼኛው ከትልቅ ቶዮታ የወረደ ነው» አለ ያገለገለ ዕቃ ሻጩ ከሪም። «ሞተር አየር የሚስበው በዚህ በር ነው። በሩ ሲሰፋ እንደ ልቡ ይተነፍሳል። ግን አቦ፣ ቀዳዳዎቹ ከመኪናሽ ጋር አይገጥሙም።»

«እሱን ለጋሽ ክፍሉ ተወው።»

ጊዜ አልነበራትም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የልጅነት ጓደኛዋን ዐስሊን ከድሬ ሙሽራው ወደሚጠብቅበት ሐረር ማድረስ አለባት። የዐስሊ አክስቶች ለዚሁ ብለው አዲስ ነጭ መኪና ተከራይተው ነበር። አምና በሰርካዲስ አሮጌ ኮሮላ ተሳፍረው ደንገጎ ዳገት ላይ ጉልበት ሲያጥራት፣ ወርደው በእግራቸው መውጣታቸውን አልረሱም። ዐስሊ ግን «በሰርካዲስ መኪና ካልሆነ ከቤት አልወጣም» ብላ ቁጭ አለች። ሰርካዲስ ይህን ስትሰማ ደስ ብሏት ሳቀች። ትንሽ ቆይቶ ሙሽራዋ ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ በአቧራው መሐል ዳገት ስትወጣ ታየቻትና ሳቋ ጠፋ።

ጋሽ ክፍሉን ከዚራ ሰፈር፣ ከግቢው ኒም ዛፍ ሥር፣ በሽርጥና በካናቴራ ተቀምጦ አገኘችው። በባቡር ጥገና ብረት በቶርኖ ሲቀርጽ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ አንድ ጊዜ ለመቁረጥ አምስት ጊዜ የሚለካ ሰው ነው። ሁለቱን ስሮትሎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ረጅም ጊዜ ተመለከታቸው። ከዚያም አንድ ወፍራም አሉሚኒየም አንስቶ መሐሉን በቶርኖ ከፈተ፤ አዲሱን ስሮትል ከሞተሩ ጋር እንዲያገናኝ ለአሮጌው አራት፣ ለአዲሱ አራት ቀዳዳ በሳ። በሞተሩ በኩል ያለውንም አፍ በሞረድ አሰፋው።

«ይኼ ካልሰፋ የገባው አየር ግድግዳ ይመታል» አላት ቀና ሳይል።

ስድስት ሰዓት ላይ ገጠመው። «እስቲ ሞተሩን ሳታስነሺ እስከ መጨረሻው ርገጪ።»

ረገጠች። በስሮትሉ ውስጥ ያለችው ክብ መዝጊያ እስከ ግማሽ ተከፍታ ቆመች።

«ርገጪ እንጂ!»

«ረግጫለሁ ጋሼ፤ መጨረሻው ነው።»

ጋሽ ክፍሉ የነዳጅ ገመዱን ጎተት አድርጎ አየ፤ ደህና ነው። ከመሪው ሥር ጎንበስ አለ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቀ ነበር።

«ምን አገኘህ?»

«ሥራዬን አገኘሁ!»

ከነዳጅ መስጫው ሥር አውራ ጣት የምታህል ቡሎን ቆማለች፤ ጫፏ ከመረገጥ ብዛት እንደ መስታወት ታበራለች።

«አባትሽ ነው ያሠራኝ፤ መንጃ ፈቃድ ያወጣሽ ቀን። ‹ልጄ እግሯ ከባድ ነው፣ ከግማሽ በላይ እንዳትረግጥ አድርግልኝ› አለኝ። ስትበስል አወጣዋለሁ ብሎ ነበር፤ እኔም ያወጣው መስሎኝ…» ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ እጁን በጨርቅ መጥረግ ያዘ።

አሥራ አንድ ዓመት! ስንቱን ተሳፋሪ ይቅርታ ጠይቃለች። በሕይወት ሳለ አባቷ ከጎኗ ተቀምጦ ያንኑ ዳገት ሲያዘግሙ «አይዞሽ፣ መኪናዋ አርጅታ ነው» ይላት የነበረው ትዝ አላት። ያን ጊዜ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም ነበር። ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቀረረ።

«ላውጣው?»

እስከ ዛሬ በየኩርባው እግሯን ይዞ የኖረው የአባቷ ቡሎን ነበር ማለት ነው። አሁን ከወጣ በኋላ የሚይዛት ማን ነው?

«አውጣው» አለች በመጨረሻ።

«እንግዲያው ትልቁንም ስሮትል ልፍታው? ላያስፈልግሽ ይችላል።»

«ጠዋቱን ሙሉ የለፋህበትን? ይቆይ!»

ደንገጎ ሥር ሲደርሱ ሰርካዲስ ነዳጅ መስጫውን ተጫነችው። እግሯ የሚያውቀውን ቦታ አልፎ ወረደ። ሞተሩ አጓራ። የኋላ ወንበሩን በቀሚሷ የሞላችው ዐስሊ ወደ ኋላ ተለጠፈች።

«ወላሂ፣ ይቺ መኪና ዕድሜዋን ዋሽታናለች!»

ሰርካዲስ ኩርባው ጋ ስትደርስ ማንም ሳይነግራት እግሯን አነሳች፤ ኩርባውን ስትጨርስ መልሳ ረገጠች። የአክስቶቹ ነጭ መኪና መጀመሪያ በኋላ ማያ መስታወቱ ውስጥ አነሰ፣ ከዚያ ጠፋ። የዳገቱ አናት ላይ ስትደርስ ዳር ይዛ ቆመች።

«ምነው ቆምሽ?»

«ሙሽራ አጃቢዎቿን ጥላ ብቻዋን ብትደርስ ምን ይሉናል?»

ወረዱ፤ ሰርካዲስ ኮፈኑ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ነፋሱ ቀዝቃዛ ነበር። ታች ሜዳው ላይ ድሬ በሙቀት ጭጋግ ውስጥ ተዘርግታለች። ሽር ጉዱ ከተጀመረ ወዲህ ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ የመጀመሪያቸው ነው። ዐስሊም በሒና ባጌጡ እጆቿ ኮፈኑን ተደግፋ ወጣችና ከሰርካዲስ ጎን ተቀመጠች። ከታች የመኪኖቹ ጥሩምባ በስሱ ይሰማል።

«ስንት ደቂቃ አለን?»

ሰርካዲስ ጆሮዋን ጣል አድርጋ አዳመጠች።

«ሦስት ኩርባ» አለች።

ዐስሊ ጫማዎቿን አወለቀች።