ያልተደረገው ክርክር

«ቦምቡ ባይጣልም ጃፓን እጇን ትሰጥ ነበር» አለ ነዚፍ። «ተሸንፋ የለም እንዴ? መርከብ የላት፣ ነዳጅ የላት። ሩሲያም ልትገባባት ነው። ሁለት ከተማ ሙሉ ሰው ማቃጠል ምን አመጣው?»

«አንተ ሱቅህ ቁጭ ብለህ መናገር ቀላል ነው» አለው ሮብሳን። «ወታደሩ በእግሩ ቢገባ ኖሮ ከሁለቱም ወገን ስንቱ ያልቅ ነበር? እሱንም አስብ እንጂ።»

ይህ ሁሉ የሚባለው የዕድሩ ድንኳን ውስጥ ነው፤ ሟቹ በተቀበሩ በማግስቱ። ካርታ የያዙት ሽማግሌዎች ቀና ብለው አዩዋቸው። አንዲት ሴትዮ «በሰው ለቅሶ ደግሞ የምን ቦምብ ነው?» ብላ ነጠላዋን አጣፋች። እውነቷን ነው። ግን የመቱ ከተማ ሰው መምህር አብደታን በምን ቋንቋ እንደሚያለቅሳቸው ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። ሰውዬው ሃያ ስድስት ዓመት ታሪክ ሲያስተምሩ በየዓመቱ ተማሪዎቻቸውን አንድ ጥያቄ አከራክረዋል፤ ጦርነቱን ለመጨረስ አቶሚክ ቦምቡ አስፈላጊ ነበር ወይስ አልነበረም? ክርክሩ በእንግሊዝኛ ይጀመርና ሲጋጋል ወደ ኦሮምኛም ወደ አማርኛም ይገለበጣል። ደንባቸው ግን ንቅንቅ አይልም። ሁለት ቀን ነው። በመጀመሪያው ቀን «አስፈላጊ ነበር» ብሎ የተሟገተ ልጅ በሁለተኛው ቀን «አልነበረም» ብሎ ይሟገታል። እሳቸው ራሳቸው የት እንደቆሙ የሰማ ተማሪ የለም።

የመምህሩ ልጅ ኢሊሊ ከእናቷ ከዘውደነሽ ጎን ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ትሰማለች። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጠበቃ ናት፤ ክርክር እንጀራዋ ነው። ይህኛውን ክርክር ግን ጆሮዋን ደፍና ብታመልጠው ደስ ባላት ነበር።

«እንደ ቲቸር ያለ ንጹሕ ሰው በዚህ ከተማ አልነበረም» አለ ሮብሳን፣ የቦምቡን ነገር ትቶ።

«ሌላውስ ወገን?» አለ አንድ ድምፅ ከቀኝ ጆሮዋ አጠገብ።

ዞር አለች። የአባቷ ድምፅ ነበር። አንዱ ተማሪ ተናግሮ ሲጨርስ ከክፍሉ ኋላ ቆመው የሚሏት ቃል ናት። ኋላዋ ያለው አግዳሚ ባዶ ነው። ከትናንት ጀምሮ ሰው አባቷን ባመሰገነ ቁጥር ትሰማዋለች፤ ለማንም አልተናገረችም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ብዙ ነገር ይሰማል ብላ ራሷን ልታሳምን ሞክራለች።

«ኢሊሊ፣ የኛ ዓመት ሁለተኛው ቀን ሳይደረግ ነው የቀረው አይደል?» አለ ነዚፍ በለሆሳስ። «አሸንፈሽኝ በዚያው ቀረሽ። መልሱን ሳልሰጥሽ።»

ፈገግ ልትልለት ሞከረች፤ አልሆነላትም።

አሥረኛ ክፍል ነበሩ። እሷ «አስፈላጊ ነበር»፣ ነዚፍ «አልነበረም»። ነዚፍ ጥሩ ተናገረ። ሁለተኛውን ቦምብ አነሣ፤ ከመጀመሪያው በሦስተኛው ቀን መጣሉን፣ የተቃጠለው ከተማ ሬሳውን እንኳ ቀብሮ ሳይጨርስ። ተማሪው አጨበጨበለት። ከዚያ እሷ ተነሣች። ከየት እንዳመጣችው እስከ ዛሬ አታውቅም። «የሞቱት ይቆጠራሉ» አለች። «የተረፉትን ግን ማንም አይቆጥራቸውም፤ በሕይወት ስላሉ ማንም አያስታውሳቸውም። የወታደር እናትም እናት ናት። ዛሬ በልጇ ሠርግ ላይ የምትጨፍር እናት አለች፤ ልጇ የተረፈው በዚያ ቦምብ ነው። ሂዱና አስፈላጊ አልነበረም በሏት።» ለአንድ ተናጋሪ የተፈቀደው አምስት ደቂቃ ነው። አባቷ ቃጭሉን ይዘው ሰዓታቸውን እያዩ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ አልደወሉም። ዳኞቹ ለእሷ ፈረዱ። ቀና ስትል አባቷ ከክፍሉ ወጥተዋል።

በማግስቱ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ ነበር፤ «የዛሬው ክርክር ቀርቷል» ይላል። አባቷ ማታ ሲገቡ ሱሪያቸው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። ከየት እንደመጡ አልተናገሩም፤ ስለ ክርክሩም አንድ ቃል አልተነፈሱም። ልጆቹ «ለልጁ አዳልቶ ነው» ብለው አሙዋቸው። እሷ ግን የባሰ ነገር ጠረጠረች። አፈሩብኝ አለች። ጠበቃ ሆና፣ ከቤታቸው የአሥር ደቂቃ መንገድ በሆነ ፍርድ ቤት ስትቆም፣ አንድ ቀን እንኳ መጥተው አልሰሟትም። ደስ ያላት ቀን «ዛሬ ረታሁ» ስትላቸው «ጎሽ» ይሉና ወደ ጓሮ ይወጣሉ። ያ ነገር አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ እንደ እሾህ ተሰክቶባት ኖሯል። አሁን ማንን ትጠይቅ?

በሰልስቱ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አንድ ሽማግሌ ድንኳኑ በር ላይ ተቀምጠው አገኟቸው። ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል፣ ጫማቸው ጭቃ ጠጥቷል። የቀረበላቸውን ሁሉ እንቢ ብለዋል።

«ኢቲቻ ነው፤ ከዳሪሙ» አለች ዘውደነሽ፣ በልጇ ጆሮ። «ከአባትሽ ጋር ወታደር ነበሩ። ጓሮ ወስደሽ አነጋግሪው። አንቺን ነው የፈለገ።»

ኢሊሊ አባቷ ወታደር እንደነበሩ ታውቃለች። ሰሜን ነበሩ፣ የሬዲዮ ሰው ነበሩ፤ ከዚያ በላይ በቤታቸው አይወራም። ሽማግሌውን እጃቸውን ይዛ ጓሮ ካለው የአቮካዶ ዛፍ ሥር አስቀመጠቻቸው። ለለቅሶተኛው የተቀቀለውን ንፍሮ በሳህን አምጥታ አጠገባቸው አኖረች። አላዩትም።

«ዋቀዮ ሲ ሃ ጀጀቤሱ፣ ኢንተላ ኮ» አሉ። «ያጽናሽ፣ ልጄ። ያኔ ክርክሩን ባሸነፍሽ ማግስት አብደታ እኔ ቤት መጥቶ ነበር። ክረምት ነው፤ ግማሹን መንገድ በእግሩ ነው የመጣ።»

ኢሊሊ ቁጭ አለች። «ምን አሉዎት?»

«መጀመሪያ ሌላውን ልንገርሽ። እኛ ሸለቆ ውስጥ ሦስት ቀን ተከበን ነበር። ሰማንያ ሦስት ሰው፤ ውኃ ጨርሰናል። የከበቡን ከላይ ካለችው መንደር ነው የሚተኩሱ። አብደታ ከማዶው ጋራ ላይ ሬዲዮና መነጽር ይዟል። መድፉ ኋላ ነው፤ የሚተኩሰው እሱ ባየው ነው። አዛዡ ይጠይቀዋል፤ መንደሩ ውስጥ ሰላማዊ ሰው አለ? አለ፣ ይላል። አንዲት ሴትዮ ደጇ ላይ እህል ስታሰጣ ያያታል። በሁለተኛውም ቀን ጠየቀው፤ አለ፣ አለ። በሦስተኛው ቀን እኛ በሬዲዮ ስናለቅስ አብደታ ሰማን።» ሽማግሌው ከዘራቸውን አሻሹ። «አዛዡ ጠየቀው። የለም፣ አለ።»

ከድንኳኑ በኩል ነዚፍና ሮብሳን አግዳሚ ሲያነሡ ይሰማል። ድንኳኑ ሊፈርስ ነው።

«ግማሽ ሰዓት ተደበደበ። ሸሹ። እኛ ወጣን። በመንደሩ ውስጥ ነው ያለፍነው፤ አብደታም ወርዶ አብሮን አለፈ። እህሉ እንደተሰጣ ነበር። ሌላውን አልነግርሽም።»

«ከዚያስ?» አለች።

«ከዚያማ ይኸው ኖርን። ያን ቀን እኔ ቤት መጣና፣ ልጄ በሰው ፊት ነጻ አወጣችኝ አለኝ። ምን እንዳደረገች አታውቅም። ቃጭሉን መደወል አቃተኝ፣ እንዳትጨርስብኝ ፈራሁ አለ። ዛሬ ደግሞ ተራዋን ገልብጣ ልትፈርድብኝ ነው፤ ከሷ አፍ ልሰማው አልችልም አለኝ። ቀኑን እኔ ቤት ዋለ። ከዚያም በኋላ አንቺ ስትከራከሪ መስማት ይፈራ ነበር። አንድ ቀን ያንን ሌላውን ወገን ይዛ ትነሣብኛለች ይል ነበር።»

ኢሊሊ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አላፈሩባትም ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት አላፈሩባትም፤ ሲፈሯት ነው የኖሩት። የቱ እንደሚከፋ ማወቅ አቃታት፤ ሁለቱም አመማት።

«የተናገርሽውን ቃል በቃል ነግሮኛል» አሉ ኢቲቻ። «የወታደር እናትም እናት ናት ያልሽውን። እኔ ከዚያ ወዲህ እሱን ይዤ ነው የምተኛ። ሰባት ልጅ ወልጄ ድሬአለሁ። ያችን ሴትዮ ሳስብ ያንቺን ቃል እላለሁ። አሁን አብደታ የለም፤ የሚያውቀው እኔ ብቻ ቀረሁ። አንድ ጊዜ ካፍሽ ልስማው ብዬ ነው የመጣሁ። አስፈላጊ ነበር በዪኝ።»

ምን ቀላል ነገር አለ? ሁለት ቃል ነው። ሰውዬው ለቅሶ ሊደርሱ ያን ሁሉ መንገድ መጥተዋል፤ ሽማግሌ ናቸው፤ እንጀራዋ ደግሞ ለሰው መሟገት ነው። «ሌላውስ ወገን?» የሚለውን ድምፅ ጠበቀች። የአቮካዶው ቅጠል ብቻ ተንኮሻኮሸ። አባቷ በዚህኛው ላይ ሊረዷት አልመጡም።

«አልነበረም» አለች።

ሽማግሌው አልተቆጡም፤ ቀና ብለው አዩዋት።

«ሴትዮዋን አይቷታል» አለች እንባዋ እየወረደ። ስለ አባቷ ያለ አንቱታ ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። «ሁለት ቀን አለች ብሏል። በሦስተኛው ቀንም ነበረች። ሰላማዊ ሰው የለም ብሎ መዋሸት ካስፈለገው፣ ልክ እንዳልሆነ ያኔም ያውቅ ነበር ማለት ነው። እሷን ማንም አልጠየቃትም። ለኔ መሞትሽ አስፈላጊ ነው ሊላት የሚችል ሰው የለም፤ እኔም አልችልም። ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ጋሼ። ያ የክርክሩ የመጀመሪያ ቀን ነበር።»

«እንግዲያው እኔ እዚያ መቅረት ነበረብኝ?»

  የሰውዬውን እጅ አየች፤ አፈር የለመደ፣ ጥፍሩ የተሰነጠቀ፣ በሕይወት ያለ እጅ ነው።

«እሱን አልልም» አለች። «እሱንም ማለት አልችልም።»

ኢቲቻ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሺ ማለታቸው ይሁን እንቢ ማለታቸው አልለየችም። ለመነሣት ከዘራቸውን ተከሉ። ኢሊሊ ክንዳቸውን ይዛ መልሳ አስቀመጠቻቸው። ከሳህኑ ንፍሮ አፈሰች፣ መዳፋቸውን ዘርግታ አስቀመጠችበት፣ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ከደነችላቸው። ወደ አፋቸው እስኪያነሡት ድረስ እጃቸውን ይዛ ተቀመጠች።