ለኤርሳይን ያልተነገረው መርዶ

ሰይትቃሊ የሚስቱን ሞት ለልጁ ለኤርሳይን አልነገረውም። ልጁ ሰማይ ላይ በምትዞረው የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌዎች ሄደው፣ ከሰውየው ጋር ተቀምጠው፣ ቀስ ብለው ያረዱታል። እዚያ ማን ይሄዳል? እስኪወርድ ይቆይ ተባለ።

ሟቿ ኡልቦሲን በሞቃቱ ወራት ለልጇ ብላ ያድቦለቦለችው አንድ ከረጢት ቁርት ቀርቶ ነበር፤ ከድንጋይ የሚጠነክር፣ ጨው የበዛበት የደረቀ እርጎ። ሰይትቃሊ ያችን ከረጢት ለጣቢያው ምግብና ውሃ በምታደርሰው ሰው አልባ መንኮራኩር አስጫናት። የእናቱን እጅ አንዴ ይቅመስ ብሎ ነው። ሌላ የሚልክለት ነገር አልነበረውም።

መንኮራኩሯ ስትነሳ ከጎረቤቱ ከቅድርቤክ ጋር በረዶው ላይ ቆሞ አያት። እሳቷን ደመና ዋጠው። ገብተው ሻይ ሳይጨርሱ ስልክ ተደወለ። መንገድ ላይ ተበላሽታ፣ ስትወድቅ አየር ላይ ተቃጥላለች።

“ሰው እኮ የለባትም” አለ ቅድርቤክ። “አልሐምዱሊላህ በል።”

“ለእኔስ ነበረባት።”

እሁድ ተራው ደርሶ ኤርሳይን በምስል ደወለ። እየሳቀ ነበር።

“አባባ፣ ቁርቴን ሰማይ በላብኝ! ጓደኞቼ ‘ጥርሳችን ተረፈ’ እያሉ ይሳለቁብኛል። እማማ ተቆጣች አይደል? እስቲ ይጥሯት፣ ሌላ ትሥራልኝ።”

ሰይትቃሊ እስከ ዛሬ ለዚህ ጥያቄ ሰበብ አጥቶ አያውቅም። ተኝታለች፣ ለቅሶ ሄዳለች፣ ይል ነበር። ዛሬ አፉ ያመጣለትን ተናገረ።

“በጎች እያለበች ነው።”

ኤርሳይን ሳቁን አቆመ። “በዚህ በረዶ? አባባ፣ በጎቹ ከነጠፉ ቆዩ እኮ።”

ከሰይትቃሊ ጎን የተቀመጠው ቅድርቤክ በክርኑ ጎሰመው። “ሌላ በል እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!” አለ በሹክሹክታ።

“መቼ ነው?” አለ ልጁ።

“በረዶው ሳይጀምር።”

“ቁርቱስ?”

“የእጇ ነበር። ሌላ የለም።”

ኤርሳይን አፉን ከፈተ። ድምፁ ሳይሰማ ምስሉ ተቋረጠ፤ ጣቢያዋ ዞራ ከአድማስ በታች ገብታለች።

ሰይትቃሊ ወደ ጣቢያዋ የምድር መቆጣጠሪያ ደወለ። ስልኩን አንዲት ልጅ አነሳች።

“መስመሩን መልሺልኝ፣ ልጄ። አሁን መርዶ አርድቼው ነው።”

“ነፍስ ይማር፣ አባቴ። መስመሩ ዛሬ ለእርስዎ አይከፈትም። መልእክት ግን በጽሑፍ እንልክለታለን። ምን ብለን እንጻፍለት?”

“ምንም” አለ። “ምንም አትጻፉ።”

ቅድርቤክ ተነሥቶ አቀፈውና እንደ ደንቡ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ። ሰይትቃሊ ግን መልሶ ሊያቅፈው እጆቹን አላነሣም።