እህትና ወንድም የተካፈሉት ጎርፍ

በከተማው አስተዳደር ሕንፃ ውስጥ ወንድምየው ሁለተኛ ፎቅ ላይ የአደጋ መከላከል ቢሮ ኃላፊ ነበር፤ ታናሽ እህቱ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ላይ የአየር ንብረት ለውጥ ቢሮ ኃላፊ። እቤት በአንድ ገበታ ይበላሉ፤ መሥሪያ ቤት ግን የሚገናኙት ሊፍት ውስጥ ብቻ ነው። እሱ ስለ ዘንድሮው ጎርፍ ይጨነቃል፤ እሷ የልጅ ልጆች ስለሚያዩት ድርቅ።

አንድ ሰኞ ወንድምየው ወንዙ ዳር የጎርፍ መውረጃ ቦይ በኤክስካቫተር ሲያስቆፍር ዋለ። ማክሰኞ ጠዋት እህትየው ከነሥራቸው የተነቀሉ ችግኞች ታቅፋ መጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈቻቸው። ለካ ያስቆፈረው እሷ ከወንዙ ዳር ሰፈር ሴቶች ጋር ችግኝ የተከለችበትን ቦታ ኖሯል።

ጩኸታቸው እስከ ከንቲባዋ ቢሮ ድረስ ተሰማ። ከንቲባዋ ሁለቱንም ጠርታ ካዳመጠች በኋላ አልተቆጣችም። ከዛሬ ጀምሮ ሁለቱ ቢሮዎች አንድ ናቸው አለች፤ አንድ ክፍል፣ አንድ ዕቅድ፣ አንድ ማኅተም።

የተሰጣቸው ክፍል የተሰበረ ወንበር ማጎሪያ የነበረ ጠባብ ዕቃ ቤት ነው። እስከ ምሳ ሰዓት ተኮራርፈው ተቀመጡ። ከሰዓት በኋላ ካርታዎቻቸውን የሚሰቅሉበት ግድግዳ ሲያጡ መስኮቱ ላይ ደራርበው ለጠፏቸው። ፀሐይዋ ከጀርባ ስትበራ የእሱ ቀይ የጎርፍ ምልክትና የእሷ አረንጓዴ የችግኝ ምልክት አንዱ ባንዱ ላይ ቁጭ አለ። ያው ወንዝ፣ ያው ሰፈር፣ ያው ቤት።

“ጋሼ፣” አለችው፣ “ይሄን ሁሉ ጊዜ አንድ ሥራ ለሁለት ስንሠራ ኖረናል ማለት ነው?”

“ስናፈርስ በይ እንጂ፣ እታለም።”

ሳቃቸው መጣ። ሊያቆሙ ሲሞክሩ ይብስባቸዋል። ከንቲባዋ ተደባድበው እንደሆነ ለማየት በሩን ከፈተችና፣ ምን እንደሚያስቃቸው እንኳ ሳታውቅ አብራ ትንከተከት ጀመር።

ከሰፈሩ ሰው ጋር ተማክረው ሥራውን እንደ አዲስ ጀመሩት። ቦዩ ሰፋ ብሎ ሣር ለበሰ፤ ችግኞቹ ግራና ቀኙን ያዙ። ቦዩ ጫፍ ላይ ያለው የኳስ ሜዳ ትርፉን ውሃ እንዲያቁር ተቆፍሮ ዝቅ ተደረገ፤ ከሜዳው ወርዶ ገንዳ ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ በበጋ ችግኞቹን ያጠጣል።

ክረምት ገብቶ ወንዙ የሞላ ዕለት ሜዳው ላይ ግጥሚያ ነበር። አዲሱ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ደወል ሲጮህ ተጫዋቹም ተመልካቹም ከሜዳው በላይ ያለው ዳገት ላይ ወጣ። ውሃው እየደነፋ መጣና እንደተመከረ ልጅ ቦዩን ይዞ ወደ ሜዳው ታጠፈ። የአንድም ቤት ደጃፍ አልረጠበም። ሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር እንቅልፍ የሚያጣው ወንድምየው የእህቱን እጅ ይዞ የዳገቱ ጭቃ ላይ ያዘልላት ጀመር። አንድ ጫማው ጭቃ ውስጥ ሲቀር ልብ አላለውም።

በዚህ መሀል ተጫዋቾቹ ጥለውት የወጡት ኳስ እየተንሳፈፈ፣ ቀስ እያለ፣ በሁለቱ የጎል ቋሚዎች መሀል ገባ። ዳገቱ በጩኸት ተናጋ። ከንቲባዋ እንኳ ዣንጥላዋን ወዲያ ወርውራ አጨበጨበች። ዳኛው ጎሉን አጽድቆታል፤ በረኛው ግን እስካሁን አይቆጠርም ባይ ነው።